የሩጫ አወሳሰድ

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፦

ከሆስፒታል አላመለጥኩም። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ የተማርኩትም እንደዚያ ነው። ነገር ግን ውሸት ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ «እንደምን ከርመሃል» ለማለት ብዕሬ እምቢ አለኝ። አሁን ልበል፦ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ ይብዛ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይቃናልህ።

የደረሰህ ወሬ እንዲህ የሚል መሆኑን ሰማሁ፦ አክስትህ የበሽተኛ ልብስ ለብሳ፣ ከራሷ ጋር እያወራች፣ በማለዳ አውራ ጎዳና ላይ ስትሮጥ ተገኘች፤ ሁለት ሰዎች ይዘው ወደ ቤቷ መለሷት። ሁሉም ውሸት ነው አልልም። ውሸት ሩቅ የሚሄደው እውነት ትከሻ ላይ ተፈናጦ ነው። ሮጫለሁ። የቀረውን ግን ላርም።

የለበስኩት የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውኔን ነው። በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ኋላ ሠላሳ ስምንት ዓመት የለበስኩትን ጋውን ጡረታ ስወጣ አልጣልኩትም። ኪሱ ጥልቅ ነው፤ ቁልፍ፣ መሐረብና መታወቂያ ይይዛል። ነጭ ስለሆነም ጭጋግ ባለበት ጠዋት ሾፌር ከሩቅ ያየዋል። ከራሴ ጋርም አላወራሁም፤ የሰባትን የማባዣ ሠንጠረዥ በቃሌ እየወጣሁ ነበር። ምክንያቱን ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ። ይዘው መለሷት የተባሉት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ ምድር ቤት የሚኖረው የቧንቧ ሠራተኛ። የሰው ቧንቧ ሲጠግን ውሎ የራሱ ቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ስለሚያድር ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል።

«እማማ፣ ማን እያባረረዎት ነው?» አለኝ።

«ዕድሜ» አልኩት።

«እንግዲያው ሊይዝዎት ሲል ይጥሩኝ» ብሎኝ እየሳቅን አብረን ተመለስን። ተያዘች የተባለው ይኸው ነው።

ለምን እንደምሮጥ ግን ማወቅ አለብህ፤ ነገሩ አንተንም ይመለከታል። ባለፈው ሐምሌ ሽንኩርትና ድንች ይዤ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እግሬ እምቢ አለኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሃምሳ አራተኛው ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እህትህ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እዚያው አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች፤ ለረጅም ጊዜም ቃል አልወጣትም፤ ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ አዘንኩላት። በሳምንቱ ቤቷ ውስጥ ምድር ላይ ያለውን ክፍል አስቀብታ «ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት» አለችኝ። መድን ድርጅት ስለምትሠራ አይፈረድባትም፤ እሷ ደረጃ ስታይ የሚታያት የተሰበረ ዳሌ ነው። እኔ ያለሁበት ይህ ቤት ከሟች እናትህ ወደ ሁለታችሁ የተላለፈ ስለሆነ ያለ ሁለታችሁ ፊርማ ለሌላ ሰው አይከራይም። የኪራይ ስምምነቱ ወረቀት ላይ የእሷ ፊርማ አርፏል። ወረቀቱ አሁን አንተ ዘንድ ነው።

እህትህ ክፉ አይደለችም። ቤቷ ግን «ቁጭ ይበሉ» የሚባልበት ቤት ነው። ብርጭቆ ላጥብ ስነሳ፣ ቁጭ ይበሉ። መጋረጃ ልከፍት ስሄድ፣ ቁጭ ይበሉ። ሰው በዚህ ዓይነት ሲወደድ በዓመቱ ጉልበቱ ሥራውን ይረሳል። እዚህ ቤት ግን መብራት ቢጠፋ እንኳ እያንዳንዱን ማንኪያ በእጄ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ ከእህትህ ጋር ተዋዋልን። ጥር 10 ቀን አምስት ኪሎ ዕቃ ይዤ እስከ አራተኛው ፎቅ ቤቴ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ሳልቆም እወጣለሁ፤ ዳኛዋ እሷ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ከቆምኩ ሻንጣዬን ራሴ አዘጋጃለሁ፤ አንተም ትፈርማለህ። ከመጀመሬ በፊት ሐኪም መርምሮኛል፤ «በልክ ከሆነ ይሩጡ» ብሎኛል። ልክ ደግሞ ሙያዬ ነው።

እስከዚያ ቀን ብዕርህን ክደነው።

አክስትህ


ጥቅምት 19 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስዎ። (ቅደም ተከተሉን ጠብቄያለሁ፤ ይታይልኝ።) ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው።

ደብዳቤዎን ሊፍት ውስጥ ቆሜ ሳነብ ጮክ ብዬ ስለሳቅሁ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ሁለት ፎቅ ቀድመው ወረዱ።

እውነቱን ልናገር። ወሬው በደረሰኝ ማግሥት ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። ብዕሩ ቀለም ጨርሷል። ሌላ ልገዛ ነገ ዛሬ ስል ደብዳቤዎ ደረሰ። ያዳነዎ የእኔ ስንፍና ነው። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እህቴም በየእሑዱ ትደውላለች።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ይስሙ። እንደሚያውቁት ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሰው ደረጃ እንዳይወጣ ስደክም አሥራ አራት ዓመቴ፤ ራሴም ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሕንፃ ሊፍት ምድር ላይ ቀረ። ሞተሩ ያለው ጣሪያ ላይ ነው። ዘጠኝ ፎቅ! ሰባተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በእርስዎ ዕድሜ የሚሆኑ ሴትዮ በራቸውን ከፍተው አዩኝና ወንበር አመጡልኝ። «ልጄ፣ ሊፍቱን ልትሠራ ነው የመጣኸው ወይስ ልትታከም?» አሉኝ። ውኃም ሰጡኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው እኮ!

እርስዎ በሰባ አንድ ዓመትዎ የሚሮጡ ከሆነ እኔ ምን ሆንኩ ብዬ በማግሥቱ ወጣሁ። እስከ ጥጉ ፋርማሲ በረርኩና ደጃፉ ላይ ተዘረርኩ። እባክዎ ከየት እንደሚጀመር ይንገሩኝ። የማባዣውንም ነገር ይፍቱልኝ። የልብ ትርታ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ልልክልዎ አስቤያለሁ፤ ጫማም ካስፈለገዎ ቁጥርዎን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፦

ቅደም ተከተልህ ታይቶልሃል። በወጣህበት ሁሉ በሰላም ግባ፤ የምትጠግነው ሁሉ ይታዘዝህ። ለስንፍናህም ምስጋናዬ ይድረሰው፤ አገልግሎናል፤ አሁን ግን በክብር እናሰናብተዋለን።

መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ። ሐኪም አይቶሃል? ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወንበር የቀረበለት ሰው ልቡንና የደም ግፊቱን ሳይለካ አይሮጥም። ደህና ነህ ካሉህ ቀጥለህ አንብብ። ካላሉህ ይህን ደብዳቤ አጥፈህ እነሱ የሚሉህን አድርግ።

በዚያች መስኮት ሠላሳ ስምንት ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ መድኃኒትንና መርዝን የሚለያቸው መጠን መሆኑን ነው። የታመመ ሰው ይቸኩላል። የሰባት ቀኑን በሁለት ቀን ጨርሶ «አልተሻለኝም፣ ጨምሪልኝ» የሚለኝ ስንቱ ነበር! አንተም እስከ ፋርማሲው በርረህ የተዘረርከው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም፤ ጠርሙሱን ስለጨለጥክ ነው። ሩጫ በማንኪያ እንጂ በባልዲ አይወሰድም።

አወሳሰድህ እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት። ዕረፍቱ የመድኃኒቱ አካል ነው፤ ሥጋ የሚጠነክረው ስትሮጥ ሳይሆን ከሮጥክ በኋላ ስታርፍ ነው። ስትወጣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጥ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመድ። ይህን ስምንት ጊዜ ደጋግም፤ በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ተራምደህ ግባ። ሁለት ሳምንት በዚሁ መጠን ቆይ። ቀላል ቢሆንብህም ቆይ፤ በተለይ ቀላል ሲሆንብህ ቆይ። ከዚያ በኋላ ሩጫውን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ደቂቃ እየጨመርክ ሂድ። እኔ ሰዓት አልይዝም፤ የመብራት ምሰሶ እቆጥራለሁ። ስጀምር አንድ ምሰሶ ሮጬ ሦስት እራመድ ነበር። አሁን ሁለት ሮጬ ሁለት እራመዳለሁ።

ፍጥነት? ፍጥነት የሚባል ነገር ለጊዜው እርሳ። ማባዣው ለዚህ ነው። እየሮጥክ «ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት» ብለህ ትንፋሽህ ሳይቆረጥ መጨረስ ካልቻልክ ፈጥነሃል፤ ቀንስ። የሁለትን ማባዣ አትምረጥ፤ እሱን የተኛም ይለዋል።

ጫማ ስትገዛ ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ እግር ውሎ ያብጣል፤ ጠዋት የለካኸው ማታ ይጠብሃል። ከአውራ ጣትህ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይትረፍ። ሕመምንም መለየት ተማር። ሁለቱም እግሮችህ እኩል ከደከሙና ከከበዱህ ሥራ ነው፤ ይለፍ። አንድ ቦታ፣ በአንድ እግር ላይ፣ ጣትህን አስቀምጠህ «እዚህ ጋ» የምትለው ከሆነ መልእክት ነው፤ ቁም፣ አድምጥ።

መዝገብም ያዝ። ቀኑን፣ መጠኑን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ጻፍ። ሰው የሚያታልለው መጀመሪያ ራሱን ነው፤ መዝገብ ግን አይታለልም።

ልብህ እምቢ ባለ ቀን ደግሞ አትከራከረው። ጫማህን አድርግና እስከ ውጭው በር ውረድ። እዚያ ደርሰህም ካልፈለግህ ተመለስ። እኔ እስካሁን ከበር የተመለስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቁልፌን ረስቼ።

ሰዓቱን አትላክ። ልቤ ስትደክም ራሷ ትነግረኛለች። ጫማ ግን አልጠላም። ቁጥሬ 38 ነው፤ 39 ላክ።

አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፦

ሰላምታዬና አክብሮቴ ይቅደም። ጫማውን በመንገደኛ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩ 39 ነው፤ ቀለሙን ግን ሻጩ መርጦ ሰማያዊ አደረገው። ሐኪሙም አይቶኝ «ወፍራም ነህ እንጂ በሽተኛ አይደለህም» ብሏል፤ በዚህ አስተያየት አልተደሰትኩም።

አሁን ኑዛዜ። ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የእርስዎን ማዘዣ አሳየሁት። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀብኝ። «አንድ ደቂቃ? ይህ ለሩጫ ነው ወይስ ለሳል?» አለ። አብሬው ወጣሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሳናቋርጥ ሮጥን። እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ ጀግና የሆንኩት፤ ሦስት ጊዜ «ይበቃሃል» ብሎኛል።

በማግሥቱ ቅልጥሜ አላስረግጥ አለኝ። ሥራ ቦታ ደረጃውን ፊቴን አዙሬ፣ ኋልዮሽ፣ የእጅ መደገፊያውን አቅፌ ነው የወረድኩት። ጣቴን አስቀምጬ «እዚህ ጋ» የምልበት ሕመም ነው፤ እንደነገሩኝ። አምስት ቀን አረፍኩ። ከትናንት በስቲያ ከአንድ ደቂቃው፣ ከማንኪያው፣ እንደገና ጀመርኩ።

ማባዣውም ሥራውን እየሠራ ነው። ሰባት ጊዜ ስድስት ላይ እቆረጣለሁ፤ ትንፋሽ አጥቼ ይሁን ትምህርት አጥቼ ግን ገና አልለየሁም። ጎረቤቴ ትናንት ሲያልፈኝ «በርታ፣ ፈተናው መቼ ነው?» አለኝ።

እህቴ እሑድ ደውላ «ፈረምክ?» አለችኝ። «ብዕር የለኝም» አልኳት። «ሊፍት ጠጋኝ ብዕር የለውም?» ብላ ዘጋችብኝ። እርስዎ ስንት ምሰሶ ደረሱ?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፦

እንደምን ሰንብተዋል? ደብዳቤ ከጻፍኩልዎ ሃያ አራት ቀን ሆነ። እርስዎ መልስ በአሥረኛው ቀን የሚጽፉ ሰው ነዎት። ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራህን ሥራ» ብለው ይዘጋሉ፤ ድምፅዎም አጭር ነው። ጫማው ደርሷል? ጠበበ? ወይስ ሰማያዊነቱ አስቀየመዎ?

እኔ አንድ ደቂቃ ተኩል እየሮጥኩ ነው። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ደርሻለሁ። እባክዎ ሁለት መስመር ቢሆንም ይጻፉልኝ። ሰው በአጭሩ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ደስ አይለኝም፤ እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፦

ሰላም ላንተ ይሁን። እናትህን ስላነሳህ መልሱ ሙሉ ይሆናል።

ጫማው ደርሷል፤ ልኬ ነው፤ ሰማያዊነቱንም ይቅር ብዬዋለሁ። የደረሰኝ ኅዳር 19 ቀን ነው። በማግሥቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ጠዋት በመስኮት ስመለከት የእህትህ መኪና አራተኛው ምሰሶ አጠገብ ቆማለች። ስሮጥ ልታየኝ መምጣቷ ነው። ወርጄ «ዛሬ ዕረፍቴ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነበር። «ተወችው» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። አዲሱን ጫማ አጠለቅሁ፤ ሳልራመድ፣ ሳልሞቅ፣ ከበር እንደወጣሁ ሮጥኩ። ሁለት ምሰሶ የምሮጠው ሴት ስምንት ምሰሶ ሮጥኩ፤ ማባዣም አልወጣሁም፤ ፊቴን ለማሳመር ስል አፌን ገጥሜ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ባቴ ውስጥ ክር እንደተበጠሰ ሆነ።

ከዚያ ያደረግሁት ይበልጥ ያሳፍረኛል። እጄን አውለብልቤ ሰላም አልኳት። መኪናዋ ከዓይኔ እስክትጠፋ ምሰሶውን ተደግፌ ፈገግ እንዳልኩ ቆምኩ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ የወጣሁት ተቀምጬ፣ ኋልዮሽ፣ አንድ በአንድ ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጠብታ የጎረቤት ቧንቧ ሊጠግን ሲወጣ በሬ ላይ አገኘኝ።

«እማማ፣ ያ ዕድሜ የሚሉት ሰው ያዘዎት እንዴ?»

«የያዘኝ እሱ አይደለም» አልኩት። «ኩራት ነው።»

«እሱስ የእኔም ባለጋራ ነው» ብሎ ደግፎ ቤት አስገባኝ። ዳቦና ወተትም እሱ ነው ሲያመላልስልኝ የቆየው።

አየህ፣ አንተን በማንኪያ እያልኩ ስገሥጽ የራሴን ጠርሙስ ጨለጥኩ። የአንተ ደብዳቤ የደረሰኝ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሳለ ነው። ምን ብዬ ልመልስልህ? ሃያ አምስት ቀን ሙሉ መዝገቤ ላይ «ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት ሰርዤ «ጉዳት፤ ጥፋቱ የራሴ» ብዬ አረምኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እህትህን ጠርቼ ሁሉን ነገርኳት። «አላልኩም?» አላለችኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝና «ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ተቀምጬ ነበር እኮ።

ቀጠሮውን እናራዝም ብላኝ ነበር፤ አልፈለግሁም። ቃል ተሰጥቶ ቀን ከተቆረጠለት በኋላ አይሳብም። ሐኪሙ ትናንት በልክ እንድሮጥ ፈቅዶልኛል። ከነገ ጀምሮ አንድ ምሰሶ ሮጬ ሦስት እራመዳለሁ፤ ወደ መጀመሪያው መጠን ተመልሻለሁ። የቀሩኝ ሃያ ሦስት ቀናት ናቸው። ላይበቁ ይችላሉ።

አሁን ሁሉን ስለምታውቅ ለመፈረም መብት አለህ። ከፈረምክ አልቀየምህም። ልነግርህ የሚገባኝ ይህንኑ ነበር፤ የዘገየሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፦

ሰላምታዬ ከወትሮው ሁሉ የበለጠ ይሁን። አልፈረምኩም። አሁን ብፈልግም አልችልም፤ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ እንዳይቆጡኝ።

መዝገብ ያዝ ብለውኝ የለ? ከአንድ ደቂቃው በጀመርኩበት ማለዳ አጠገቤ የነበረው ወረቀት ያ የሚፈረመው ብቻ ነበር። ጀርባው ንጹሕ ነው። «አንድ ደቂቃ፣ ስምንት ጊዜ፣ የጎንዮሽ ጉዳት፦ ውርደት» ብዬ ጀመርኩ። አሁን ጀርባው ሞልቶ ወደ ፊት ለፊቱ ኅዳግ ዞሬያለሁ፤ ፊርማዬ ማረፍ ያለበት ቦታ ላይ «ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳላቋርጥ!» የሚል ተጽፏል። እህቴ ሌላ ወረቀት ማውጣት ይኖርባታል።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ያሰብኩትንም ልጻፍ። ብዕር ያነሳሁት ቤቱን ፈልጌ አልነበረም። እዚህ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰባ ሁለቱ ደረጃ ይታየኛል። ሥራዬ ሰውን ከደረጃ ማሳረፍ ነው፤ እናቴ ግን በዚያው ሊፍት በሌለው ቤት ያንን ሁሉ ዓመት ወጣች ወረደች፤ አንድም ቀን ዕቃዋን ልይዝላት አልቻልኩም። ልፈርም የነበረው ፍርሃቴን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ስሮጥ ነው የታየኝ፤ ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ አካባቢ።

በእህቴም አይዘኑ። በስልክ ስታወራኝ ከመኪናዋ እስከ ቢሮዋ በር ለመድረስ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ትሰበስባለች። ደክሟታል። የሁላችንንም ሐሳብ ብቻዋን ነው የተሸከመችው።

ጥር 10 ቀን እርስዎ ደረጃውን በሚወጡበት ሰዓት እኔም እዚህ የምኖርበትን ሕንፃ ደረጃ እወጣለሁ። ከቆሙ ደግሞ ይግባኝ ወደ እኔ ነው፤ ቤቱ በስሜም ነውና። ግን ያውቁኛል፤ ለእርስዎ አዳላለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 10 ቀን፣ ማምሻውን

ለእህቴ ልጅ፦

ደስታህ ይብዛ፤ ደረጃህም አይክበድብህ። በመንግሥት ማኅተም የተመታ ወረቀት ላይ ሩጫ መመዝገብ ነውር ነው። ይህን ከተናገርኩ ዘንድ ወረቀቱን በደንብ አስቀምጠው፤ አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን የዛሬውን በቅደም ተከተሉ ልንገርህ።

እህትህ በአራት ሰዓት መጣች፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ። ጠብታ ሚዛኑን አውጥቶ ድንቹን መዘነ፤ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። «አንዷን ድንች ላውጣት?» አለኝ። «ተዋት፤ ትውጣ» አልኩት። ሰማያዊውን ጫማ አድርጌያለሁ፤ ጋውኔንም ለብሻለሁ። እህትህ «ከኋላዎ ነኝ፤ ከወደቁ እይዝዎታለሁ» አለችኝ፤ ጀመርን።

አልሮጥኩም። በልክ፣ ማባዣዬን እየወጣሁ፣ አንድ ደረጃ በአንድ ትንፋሽ። አንደኛው ፎቅ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ባቴ «አለሁ» አለችኝ፤ አዳመጥኳት፤ ሁለቱም እግሮቼ እኩል ከብደውኛል፤ እንግዲህ ሥራ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ሦስተኛው ፎቅ ልደርስ ስል ከኋላዬ የተረከዙ ድምፅ ጠፋ። ዞር ስል እህትህ ግድግዳውን ይዛለች፤ ፊቷ ነጭ ጋውን መስሏል። እየተሳበች እኔ ጋ ደረሰችና ሃምሳ አራተኛው ደረጃ ላይ፣ በሐምሌ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ፣ ዘጭ አለች።

«ይሂዱ!» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አክስቴ፣ ይሂዱ! ከቆሙ እኮ ይቆጠርብዎታል!»

«ዳኛዬን መንገድ ላይ ጥዬ ማን ሊፈርድልኝ ነው?» አልኳት። «ቁጭ በይ።»

ይህን ቃል ለእሷ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ድንቹን ሳላስቀምጥ ቆሜ ጠበቅኳት። ማባዣውን ከሰባት ጊዜ አንድ እስከ ሰባት ጊዜ አሥራ ሁለት ጮክ ብዬ ወጣሁላት። ትንፋሿ ሲመለስ ማልቀስ ጀመረች፤ መሳቅም ጀመረች፤ ሁለቱን በአንድ ላይ።

«አክስቴ፣ ሐምሌ ላይ እዚህ አጠገብዎ የተቀመጥኩት ላጽናናዎ አልነበረም» አለችኝ። «መቆም አቅቶኝ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው። እርስዎን ሳይሆን ራሴን ነበር ያየሁት። ለማንም መናገር አፈርኩ።»

አየህ፣ እኔ ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ፊት አይቼ መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ የእህቴን ልጅ ፊት ግን ማንበብ አልቻልኩም። ይህንንም መዝገቤ ላይ አስፍሬዋለሁ።

የቀሩትን አሥራ ስምንት ደረጃዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። ቤት እንደገባን ድንቹን አስቀመጥኩና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ውሉ «ሳልቆም» ይላል፤ ቆሜያለሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ።

«ቃሌን እየጠበቅሁ።»

«እኔ ያየሁት የቆመ ሰው አይደለም፤ የጠበቀኝ ሰው ነው።»

«መዝገብ ይህን አይለይም» አልኳት።

ፍርዱን ሊሰማ ተከትሎን የወጣው ጠብታ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ፣ «የእግር ኳስ ዳኛ እንኳ ከተጫዋቹ እኩል ካልሮጠ ፊሽካ አይሰጡትም። ይቺ ዳኛ አራተኛ ፎቅ ሳትደርስ ምን አይታ ነው የምትፈርደው?»

ተመካከርን። ፈተናው ይደገማል፤ ቀኑ ግን ዳኛዋ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ሳትቆም መውጣት የቻለች ዕለት ነው። እስከዚያ ማንም ከየትም አይወጣም፤ ማንም ምንም አይፈርምም። ሻንጣውን አልጋ ሥር መልሳ የገፋችው እህትህ ናት፤ በእግሯ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ። ያን የተቀባውን ክፍል ለስፖርት ልብሷ መስቀያ ታደርገዋለች። ይግባኝ ካለህ በጽሑፍ አቅርብ።

ከመሄዷ በፊት «ከየት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ፤ ልክ አንተ እንዳልከው፤ በዚያው በእናታችሁ ድምፅ። ሐኪሙ ጋ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን፤ ለካት፤ «በልክ ከሆነ» አላት። ሌላ ማዘዣ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ላንተ የላክሁት ግልባጭ አለኝ።

ነገ መጀመሪያ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነስቼ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ እጠጣለሁ። ሁለተኛውን ነጭ ጋውኔን እተኩሳለሁ፤ እጅጌው ለእህትህ ስለሚረዝም ሁለት ጊዜ አጥፌ በመርፌ እይዘዋለሁ። ሰፈሩ «አሁንስ ሁለት ሆነው አመለጡ» ይበል። ሰባ ሁለቱን ደረጃ እወርዳለሁ፤ የጠብታን በር አንኳኩቼ የሚንጠባጠበውን ቧንቧውን እንዲዘጋ እነግረዋለሁ። እህትህን የመጀመሪያው ምሰሶ ሥር እጠብቃታለሁ። የጫማዋን ክር አያለሁ፤ ጫማዋ ረጅም ተረከዝ ካለው እመልሳታለሁ። አምስት ደቂቃ አራምዳታለሁ። አንድ ምሰሶ አስሮጣትና ሦስት አራምዳታለሁ፤ ሁለተኛውን ምሰሶ ልለፍ ካለች የጋውኗን ኪስ ይዤ አስቀራታለሁ። ስንጨርስ መዝገቧ ላይ የመጀመሪያውን መስመር በራሷ እጅ አስጽፋታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ወጥቼ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ ማንም ሳያዘኝ።

አክስትህ